ከመጋዘኑ ግርማ ጀርባ

ዛሬ ወደ እንግሊዟ ማንቸስተር እንወስዳችኋለን።

በከተማዋ ፖርትላንድ ጎዳና ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ። አሁን ሆቴል ነው፤ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲገነባ ግን የዋትስ ቤተሰብ የጨርቅ መጋዘን ነበር። ፎቆቹ የጣሊያንን፣ የፈረንሳይንና የሌሎች አገሮችን የግንባታ ስልት ይዘው ተደራርበዋል። ለመጋዘን ይህ ሁሉ ጌጥ ለምን? መጋዘኑ የነጋዴው ፊት ስለነበር ነው፤ የጅምላ ገዢ ጨርቁን አይቶ የሚዋዋለው እዚያው ነው። በእንዲህ ያሉ መጋዘኖች ሰፋፊ መስኮቶች የጨርቁን ቀለምና ጥራት በቀን ብርሃን ለመለየት ይረዱ ነበር።

ታዲያ ከተማዋን ያበለጸገው ጥጥ ከየት መጣ? አብዛኛውን የለቀሙት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በ1861 እዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ጥጡ ቀረ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሠራተኛው ተራበ። ሆኖም በ1862 የመጨረሻ ቀን የማንቸስተር ሠራተኞች ተሰብስበው ባርነትን በመቃወም ለፕሬዚዳንት ሊንከን ደብዳቤ ላኩ። እርሱም በጥር 1863 አመስግኖ መለሰላቸው።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ ስናደንቅ የለቃሚዎቹን ላብና የእነዚያን የተራቡ ሠራተኞች አቋም አብረን እናስታውስ።