የአርበኞች ማኅበርና የመሪነት አደራ

ሚያዝያ 27 ቀን በታሪካችን ሁለት ፊት ያላት ዕለት ናት፤ ይኸውም በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን የያዘባት፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው የገቡባት በመሆኗ ነው። በነዚያ አምስት ዓመታት መሪነት በሹመት ብቻ አልተገኘም። በላይ ዘለቀን በጎጃም፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን በሸዋ ያስከበራቸው ቆራጥነታቸው ነበር።

በዱር በገደል አብረው የተራቡትና የቆሰሉት ከነጻነት በኋላም አልተለያዩም፤ በአርበኞች ማኅበር ተሰብስበው ኀዘንና ደስታን ተካፈሉ። በዓሉ በደረሰ ቁጥርም ኒሻናቸውን ደርድረው በአራት ኪሎው የድል ሐውልት ሥር ይቆሙ ነበር።

ዛሬ አባቶች እጅግ አንሰዋል፤ የማኅበሩም አመራር ወደ ልጆቻቸው ተላልፏል። ኒሻን ይወረሳል፤ ጀግንነት ግን አይወረስም። ስለዚህ የልጆቹ መሪነት የሚመዘነው፣ የተረፉትን አባቶች በመጦርና ቃላቸውን ከመቃብር አስቀድሞ በመጻፍ ነው።