ከኩበት አመድ እስከ ሕዋስ ሕክምና፦ የራስ ፀጉር ታሪክ በባሮ ወንዝ ዳር

የጋምቤላ ስም በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ መነሳት የጀመረው፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት የድንበር ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ከፈቀዱ በኋላ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው በመጨረሻ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦችም ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በቡናና በመርከብ ስም ቢሆንም፣ ከተማዋ ደገኛውና ቆለኛው አንዱ የሌላውን መልክና አለባበስ በቅርብ ያየባት፣ ፀጉርን በሚመለከትም ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ጎን ለጎን የቆሙባት ስፍራ ናት። የፀጉር መሳሳትንና መርገፍን በሕዋስ ለመፈወስ ዛሬ በሩቅ አገር ቤተ ሙከራዎች የሚደረገው ጥረት ለዚህ አካባቢ ሰው ምን ተስፋ እንዳለውና ምን ጥርጣሬ እንደሚያስነሳ ለመመዘን፣ አስቀድሞ ፀጉር በዚያ ምድር የነበረውን ቦታ መረዳት ያስፈልጋል።

በዚህ ቆላ ስለሚኖረው የኑዌር ሕዝብ በጽሑፍ ከተላለፉት ቀደምት ምስክርነቶች ዋነኛው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ ካደረገው ጥናት በኋላ በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ እንደተገለጸው የኑዌር ሰው ከከብቱ የማይጠቀምበት ነገር አልነበረም፤ ኩበቱ ተቃጥሎ የሚገኘው አመድ ገላ ይቀባበታል፣ ጥርስ ይታጠብበታል፣ ፀጉርም ይቀላበታል። ጎረምሶች አመዱን ከከብት ሽንት ጋር አዋሕደው በራሳቸው ላይ ለቀናት ሲያቆዩት ጥቁሩ ፀጉር ወደ ቀይና ወደ ወርቃማ መልክ ይለወጣል። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ በሽንትና በአመድ ውስጥ የሚገኙት ጨው መሰል ንጥረ ነገሮች የፀጉሩን ቅርፊት ከፍተው ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም ስለሚያደበዝዙት ነው፤ ዛሬ በየከተማው የውበት ሳሎን ፀጉር ለማቅላት የሚያገለግለው አሞንያም የፀጉሩን ቅርፊት የሚከፍተው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ወንዱ ልጅ ከ14 እስከ 16 ዓመት ሲሞላው ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁ ስድስት መስመሮች ይቆረጡለት ነበር፤ «ጋር» የሚባለው ይህ ሥርዓት ልጁን ከላም አላቢነት አውጥቶ ወደ ጎልማሶች ማኅበር ያስገባው ነበር። ስለዚህ በኑዌር ዘንድ ግንባርና ራስ የሰውየው ዕድሜ፣ ደረጃና ከከብት ጋር ያለው ቁርኝት የሚነበብባቸው ገጾች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከደጋ የመጣው ሰውም የራሱን ሥርዓት ይዞ ነበር። በደጋው ባህል የሕፃን ልጅ ራስ ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት ነበር፤ ያላገባች ልጃገረድ ደግሞ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የሚቀርበትን ሳዱላ ትሠራ ነበር፤ ስታገባ ግን ፀጉሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራ፣ ለጋ ቅቤም ትቀባ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ፀጉሩን ይላጫል፣ ጀግና ግን ያጎፍራል ወይም ይሠራል፤ አፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው የሚታወሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በመልክ ቢራራቁም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ፀጉር የሚላጨው፣ የሚቀላው ወይም የሚሠራው በሰው ፈቃድና በማኅበረሰቡ ደንብ ሲሆን፣ የተላጨው ተመልሶ እንደሚበቅል ማንም አይጠራጠርም ነበር። ፀጉር በደንብ ሳይሆን በበሽታ ወይም በዕድሜ ሲሄድ፣ ማኅበረሰቡ የሚያውቀው የምልክት ቋንቋ ይቋረጣል። አማርኛም ለዚህ ዓይነቱ ማጣት የተለያዩ ስሞች አሉት፦ በቦታ በቦታ የሚረግፈው ላሽ፣ የልጆችን ራስ የሚያቆስለው ቆረቆር፣ በዕድሜ የሚመጣው ደግሞ ራሰ በራነት ወይም መላጣነት ይባላል።

ፀጉር በቆላ ምድር የሚሰጠው አገልግሎት በጌጥነት ብቻ የሚወሰን እንዳልሆነ በቅርቡ በሙከራ ተረጋግጧል። ቲና ላሲሲ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀቱ የሚለካ አሻንጉሊት ራስ ላይ የተለያየ ቅርጽ ያለው የሰው ፀጉር አድርገው ሰው ሠራሽ የፀሐይ ጨረር ሲለቁበት፣ ጥቅልል ያለው ፀጉር ወደ ራስ ቆዳ የሚደርሰውን ሙቀት ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ እንደሚከላከል ደርሰውበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በምትገኘውና በበጋ ወራት ሙቀቷ በሚበረታው በጋምቤላ፣ የአካባቢው ሰው ጥቅልል ፀጉር የጥንት ጥላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያንን ጥላ ማጣትም ከመልክ ለውጥ ያለፈ ነገር ነው።

የጠፋን ፀጉር ለመመለስ የተደረገው ጥረት ከጽሑፍ ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ለማለት ይቻላል፤ ይህ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ባሮ በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ከሚፈስባት ከግብፅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተውና ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፃውያን የሕክምና ጥቅል፣ ለራሰ በራ ሰው የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የዋልያ መሰል የተራራ ፍየል ስብ ተቀላቅሎ እንዲቀባ ያዝዛል። ጉማሬና አዞ ዛሬም የባሮ ነዋሪዎች ናቸው፤ ስባቸው ግን ፀጉር እንደሚያበቅል ማስረጃ ሳይገኝለት 3500 ዓመት አልፏል። የታሪኩ ትምህርት ሰዎች ሞኞች ነበሩ የሚል አይደለም፤ ፀጉር በተፈጥሮው የሚረግፍበትና የሚበቅልበት ዑደት ስላለው፣ በራሱ ጊዜ የተመለሰ ፀጉር ለተቀባው ነገር ሁሉ ምስጋና ማስገኘቱ ነው። ላሽ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይድናል፤ በዚያን ጊዜ ይዞ የነበረው ቅባት ደግሞ መድኃኒት ተብሎ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

እውነተኛው የዕውቀት ለውጥ የመጣው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን በ1942 ባሳተመው ጥናት፣ ለአቅመ አዳም ከመድረሳቸው በፊት የተሰለቡ ወንዶች የተለመደው ራሰ በራነት እንደማይደርስባቸው፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ያለው ዝንባሌ እንደሚገለጥ አሳየ። ኒውዮርካዊው ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1952 ከራስ ኋላ የተወሰደ ፀጉር ወደ ፊት ሲተከል የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚቆይ አስመሰከረ፤ የዛሬው የፀጉር ንቅለ ተከላ መሠረትም ይኸው ነው። ለደም ግፊት የተሠራው ሚኖክሲዲል በ1988 በቅባት መልክ፣ የሆርሞኑን ኃይል የሚቀንሰው ፊናስቴራይድ ደግሞ በ1997 በክኒን መልክ በአሜሪካ ለፀጉር ተፈቀዱ። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ያላቸው ሕክምናዎች ቢሆኑም የጋራ ወሰን አላቸው፤ መድኃኒቶቹ ሲቋረጡ ጥቅማቸው ይቋረጣል፣ ንቅለ ተከላውም ያለውን ፀጉር ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ ቁጥሩን አይጨምርም።

የሕዋስ ሕክምና ተስፋ የተወለደው ይህንን ወሰን ለመሻገር ነው። ሕዋስ የማንኛውም ሕያው አካል ትንሹ የሕይወት ክፍል ሲሆን፣ ፀጉር የሚበቅለው ደግሞ በቆዳ ውስጥ ከተቀበረና የፀጉር ከረጢት ሊባል ከሚችል ትንሽ አካል ነው፤ በሰው ራስ ላይ እንዲህ ያሉ ከረጢቶች ወደ 100,000 ይደርሳሉ። በከረጢቱ ግርጌ ፓፒላ የተባለ የሕዋሳት ክምችት አለ፤ ይህ ክምችት ፀጉሩ መቼ እንዲያድግና መቼ እንዲያርፍ ትእዛዝ ይሰጣል። ኮሊን ጃሆዳና ባልደረቦቹ በ1984 ከአይጥ የጢም ፀጉር የወሰዱትን ፓፒላ ከአካል ውጭ አራብተው መልሰው ሲተክሉት አዲስ ፀጉር እንደበቀለ ገለጹ። በ1999 ደግሞ ከአንድ ወንድ ራስ ቆዳ የተወሰዱ የፀጉር ከረጢት ሕዋሳት በአንዲት ሴት ክንድ ላይ ተተክለው ፀጉር ማብቀላቸው ታተመ። በ2011 የሉዊስ ጋርዛና የጆርጅ ኮትሳሬሊስ ቡድን የአንድን ሰው ራሰ በራ ቆዳ ፀጉር ካለው ቆዳው ጋር ሲያነጻጽር፣ ግንደ ሕዋስ የሚባሉት፣ ማለትም ሌሎች ሕዋሳትን የሚወልዱት፣ በራሰ በራው ቆዳ ውስጥም በቁጥር ሳይጎድሉ መቅረታቸውን፣ የጎደሉት ከእነርሱ የሚወለዱት ቀጣይ ሕዋሳት መሆናቸውን አገኘ። ይህ ግኝት ተስፋን በእጅጉ አጠናከረ፤ ራሰ በራነት የሞተ መሬት ሳይሆን ዘሩ ያለበት፣ ነገር ግን ያልበቀለ መሬት ሆኖ ታየ።

ጥርጣሬውም ከዚያው ከቤተ ሙከራው የመነጨ ነው። የሰው ፓፒላ ሕዋሳት ከአካል ውጭ በሳህን ላይ ሲራቡ ፀጉር የማብቀል ችሎታቸውን በፍጥነት ያጣሉ፤ የአይጥን ውጤት በሰው ላይ መድገም አዳጋች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ አንጄላ ክርስቲያኖና ጃሆዳ ሕዋሳቱ በጠብታ ውስጥ ተሰብስበው እንደ ትንሽ ኳስ ሲራቡ የጠፋው ችሎታ በከፊል እንደሚመለስ፣ ከሰባት ሰዎች ከተወሰዱት ናሙናዎች በአምስቱም አዲስ ፀጉር እንደበቀለ አሳዩ፤ ሙከራው ግን የተካሄደው በአይጥ ጀርባ ላይ በተተከለ የሰው ቆዳ ነበር። በ2020 የታተመ፣ በጃፓን የተካሄደ ጥናት ከራስ ኋላ የተወሰዱ ሕዋሳትን ለ65 ወንዶችና ሴቶች በመርፌ ሰጥቶ፣ በ6ኛውና በ9ኛው ወር መጠነኛ የፀጉር ጥግግት መጨመሩን መዘገበ። በዚያው ዓመት የካርል ኬለር ቡድን ከግንደ ሕዋስ ፀጉር ያለው ሙሉ የሰው ቆዳ በቤተ ሙከራ ማሳደጉን አስታወቀ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሳይንስ ነው፤ ይሁንና እስከ 2024 ድረስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለፀጉር መጥፋት ያጸደቀው አንድም የሕዋስ ሕክምና አልነበረም። የመጀመሪያው የአይጥ ሙከራ ከታተመ በዚያን ጊዜ 40 ዓመት አልፎ ነበር።

ለጋምቤላ ሰው ከዚህ አጠቃላይ ጥርጣሬ በተጨማሪ የራሱ የሆነ ጥያቄ አለው። የጥቅልል ፀጉር ከረጢት በቆዳው ውስጥ ጎብጦ የሚያድግ በመሆኑ፣ ቀጥ ላለ ፀጉር የተሠራ የመትከያም ሆነ የማውጫ ዘዴ ያለ ማስተካከያ አያገለግለውም፤ በጃፓን ራስ ላይ የተገኘ ውጤትም በባሮ ዳር ራስ ላይ ይደገማል ብሎ መናገር የሚቻለው ሙከራው በዚያ ሲካሄድ ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የጠባሳ ጉዳይ ነው። በፈንገስ የሚመጣው ቆረቆር በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ የታየ በሽታ ሲሆን፣ ችላ ሲባል በአንዳንድ ዓይነቱ የፀጉሩን ከረጢት አጥፍቶ በምትኩ ጠባሳ ይተዋል። ፈንገሱ በፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ስለሚኖር ላይ ላዩን በሚቀባ ነገር ብቻ አይጠፋም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ ግሪሲዮፉልቪን የተባለ የቆየ መድኃኒት ግን ይፈውሰዋል። አጥብቆ የተሠራ ሹሩባም እንዲሁ ነው፤ ከረጢቱን ሲጎትት ኖሮ በመጨረሻ ሊያደርቀው ይችላል። ይህ ጉዳት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1907 ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው፤ በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፣ ዘግይቶ ግን አይመለስም። ጠባሳ በያዘው ቆዳ ውስጥ ደግሞ የጋርዛ ጥናት ያገኛቸው ግንደ ሕዋሳት አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የሕዋስ ሕክምናን ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ሰዎች ሕክምናው ከሁሉ በላይ የሚከብድባቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል የሕዋስ ሕክምና ከአዞና ከጉማሬ ስብ የሚለየው በማስረጃ የሚመረመር፣ ሲሳካም ሲከሽፍም የሚታተም ዕውቀት በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተስፋው የተከበረ ተስፋ ነው፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የቆዳ ሐኪሞችም የጥቅልል ፀጉርን ጠባይ በማጥናት የዚህ ምርምር ተካፋይ ሊሆኑ ይገባል። በሌላ በኩል ሙከራ ላይ ያለን ነገር እንዳለቀ መድኃኒት አድርጎ በውድ ዋጋ የሚያቀርብ ማንም ቢሆን፣ የሚሸጠው የጥንቱን ስብ በአዲስ ስም ነው። እንዲህ ዓይነት ሕክምና የሚቀርብለት ሰው አራት ጥያቄዎችን የመጠየቅ መብትም ግዴታም አለበት፦ በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ፣ እንደ እርሱ ባለ ፀጉር ላይ ተሞክሯል ወይ፣ የበቀለው ፀጉር ለስንት ዓመት ቆየ፣ ፈቃድ የሰጠውስ ማን ነው? እነዚህ መልስ እስኪያገኙ ድረስ በጋምቤላ ብዙ ፀጉር የሚያድነው ገና ያልተፈቀደው ሕዋስ አይደለም፤ የልጁ ቆረቆር ጠባሳ ከመተዉ በፊት በጊዜ የሚዋጥ ክኒንና ላላ ተደርጎ የሚሠራ ሹሩባ ነው። በባሮ ዳር ትውልዶች ዕድሜንና ክብርን የጻፉበት ራስ፣ መጀመሪያ በእጅ ባለው ዕውቀት ሊጠበቅ ይገባዋል።