ውለታና ፈቃድ፦ የኤድዋርድ በርክ 54 ዓመታት በቺካጎ ምክር ቤት

ጁን 24 ቀን 2024 በቺካጎ የዲርክሰን ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ቨርጂኒያ ኬንዳል ፊት ቅጣታቸውን ለመስማት የቀረቡት ኤድዋርድ በርክ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ የ10 ዓመት እስራት ጠይቆባቸዋል። ዳኛዋ ዘንድ ግን ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ደርሰው ነበር፤ ጸሐፊዎቹ በርክ በሐዘናቸው የተገኙላቸው፣ በችግራቸው የደረሱላቸው ሰዎች ናቸው። ኬንዳል በዳኝነት ዘመናቸው እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አይተው እንደማያውቁ በችሎት ተናገሩ። ፍርዱ 2 ዓመት እስራትና 2 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጣቱ ቀለለ ያለ ብዙ ነው። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ደብዳቤ ያስጻፈው ደግነትና ወኅኒ ያስወረደው ወንጀል ከአንድ ሰው እንዴት ወጡ? የቺካጎን ምክር ቤት አሠራር በቅርብ ለመረመረ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱም የተሠሩት ውለታ በመዋል ሥልጣን ነው። የአንድ ጡረተኛ ደጃፍ መብራት ቶሎ እንዲጠገን የሚያደርግ የስልክ ጥሪ፣ የአንድ ነጋዴ ግንባታ እንዲቆም ለማድረግም ይበቃል። በርክ ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ አልዘረፉም። በፖስታ የታሸገ ብር መቀበላቸውም የክሱ ማዕከል አልነበረም። የፈለጉት ለጥብቅና ቢሯቸው ደንበኛ ነበር፤ የነገሩ ክብደትም እዚያ ላይ ነው።

በርክ በዲሴምበር 1943 ተወለዱ። አባታቸው ጆሴፍ በርክ በደቡብ ምዕራብ ቺካጎ የ14ኛው ወረዳ የምክር ቤት አባል ነበሩ። ወረዳው በታላቁ የከብት ገበያና ቄራ ዙሪያ የሰፈሩ የአየርላንድና የምሥራቅ አውሮፓ ተወላጅ ሠራተኞች መኖሪያ ነበር። ልጅየው በፖሊስነት እየሠሩ በዴፖል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። በ1968 አባት በካንሰር ሲሞቱ፣ ልጅ በ24 ዓመታቸው የወረዳውን የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪነት ተረከቡ። በማርች 1969 ደግሞ የአባታቸውን የምክር ቤት ወንበር በምርጫ ያዙ። ከንቲባው ሪቻርድ ጄ. ዴሊ ነበሩ፤ ቺካጎዎች «ማሽን» የሚሉት የፓርቲ መዋቅርም በኃይሉ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያ መዋቅር የወረዳ መሪ ሥራ የሚያሲዝ፣ ቅሬታ የሚሰማ፣ በምላሹም በምርጫ ቀን ድምፅ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። በርክ ፖለቲካን የተማሩት እዚህ ነው፤ እስከ መጨረሻውም ሌላ ዓይነት ፖለቲካ አላወቁም።

ስማቸው ከከተማዋ አልፎ የተሰማው በ1983 ነው። ሃሮልድ ዋሽንግተን የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ፣ 29 የምክር ቤት አባላት በኤድዋርድ ቭርዶልያክና በበርክ መሪነት ተደራጅተው ሹመቶቻቸውንና ዕቅዶቻቸውን አገዱ። ከከንቲባው ጎን የቆሙት 21 ብቻ ነበሩ። ከ29ኙ አብዛኞቹ ነጮች ስለነበሩ የድምፁ ክፍፍል የከተማዋን የዘር ክፍፍል ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ዘመኑ «የምክር ቤት ጦርነት» ተባለ፤ ያበቃውም በ1986 ፍርድ ቤት በሰባት ወረዳዎች ልዩ ምርጫ ካዘዘ በኋላ ድምፁ 25 ለ25 ሲሆንና ከንቲባው ወሳኙን ድምፅ መስጠት ሲችሉ ነው። በርክ በዚያ ግጭት ያሳዩት አቋም ከማንኛውም የፍርድ ቤት መዝገብ በላይ ሊያስጠይቃቸው ይገባ ነበር። ያገኙበት ግን ትርፍ ነው፤ የፋይናንስ ኮሚቴውን ሰብሳቢነት የያዙት በ1983 ነበርና።

ያ ወንበር የሥልጣናቸው ምሰሶ ሆነ። ዋሽንግተን ምክር ቤቱን በተቆጣጠሩባቸው ወራት ቢያጡትም፣ በ1989 የቀድሞው ከንቲባ ልጅ ሪቻርድ ኤም. ዴሊ ሲመረጡ መልሰው ያዙት፤ እስከ 2019 መጀመሪያም ከእጃቸው አልወጣም። የከተማዋ ብድር፣ የካሳ ክፍያና ለአልሚዎች የሚሰጥ የግብር ድጋፍ በኮሚቴው በኩል ያልፋል። ከዚህ በላይ የከተማዋ ሠራተኞች በሥራ ላይ ሲጎዱ የሚከፈላቸውና በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርሰው ካሳ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደሩ ሳይሆን በዚሁ ኮሚቴ ነበር። በ2016 ለከተማዋ ዋና መርማሪ በምክር ቤቱ ላይ የቁጥጥር ሥልጣን ለመስጠት ደንብ ሲቀርብ 25 ለ23 በሆነ ድምፅ ያለፈው የተሸራረፈው ቅጂ ነው፤ የካሳው ፕሮግራምም ከኦዲት ውጭ ሆነ።

ሁለተኛው ምሰሶ ክላፍተር ኤንድ በርክ የተባለው የጥብቅና ቢሯቸው ነው። የቢሮው ዋና ሥራ የንብረት ግብር ይግባኝ ነበር፤ አዲስ አበቤ «ጣሪያና ግድግዳ» ከሚለው ጋር የሚቀራረብ ግብር ነው። አሠራሩን ሳይረዱ የበርክን ታሪክ መረዳት አይቻልም። ቺካጎ በምትገኝበት በኩክ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች፣ ከተማዋና ሌሎች ተቋማት በዓመት የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ አስቀድመው ይወስናሉ። ድምሩ እንደ እያንዳንዱ ንብረት ግምት ለባለንብረቶች ይከፋፈላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሕንፃ በጎበዝ ጠበቃ ግምቱን ሲያስቀንስ ያልከፈለው ገንዘብ አይጠፋም፤ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌለው የትንሽ ቤት ባለቤት የሌላውን ቅናሽ ይሸከማል። የቺካጎ ትሪቡን ጋዜጣ በ2017 ባወጣው ተከታታይ ምርመራ በካውንቲው የግምት ሥርዓት ርካሽ ቤቶች ከዋጋቸው አንጻር ከውድ ቤቶች የበለጠ ጫና እንደተጫነባቸው አሳይቷል። የካውንቲው ገማች ጆሴፍ ቤሪዮስም በቀጣዩ ዓመት በምርጫ ተሸነፉ።

የበርክ ወረዳ በዚህ ጊዜ መልኩ ተለውጧል። የከብት ገበያው በ1971 ተዘግቷል፤ የአየርላንድ ልጆች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ በትንንሾቹ የጡብ ቤቶች ውስጥ አብዛኛውን የሜክሲኮ ተወላጆች ይኖራሉ። የሚወክሏቸው ሰው ደግሞ የትልልቅ ሕንፃዎችን ግብር በማስቀነስ የሚተዳደሩ ጠበቃ ነበሩ። ከደንበኞቻቸው አንዱ በመሀል ከተማ የቆመው የዶናልድ ትራምፕ ሕንፃ ነበር፤ የቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ እንደዘገበው የበርክ ቢሮ በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ግብር አስቀንሶለታል። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነበር። በርክ የቢሯቸውን ደንበኛ የሚነካ ጉዳይ ሲቀርብ በምክር ቤቱ 14ኛ ደንብ መሠረት ድምፅ ከመስጠት ራሳቸውን በተደጋጋሚ ያገልሉ ነበር። ወግ ደረሰ፤ ነገር ግን ጉዳዩን ኮሚቴያቸው ድረስ ያመጡት ባለንብረቶች የሰብሳቢው ቢሮ የቱ እንደሆነ ያውቁ ነበር። የምክር ቤቱ ትልቁ ጥፋት ይህን ለአሥርት ዓመታት በቂ ጥንቃቄ ብሎ መቀበሉ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ያልተጻፈ ልማድ ነበር። በከተማዋ 50 ወረዳዎች እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል በወረዳው ውስጥ በሚሰጥ ፈቃድ፣ ምልክትና የመሬት አጠቃቀም ላይ የመጨረሻ ቃል ነበረው። ሌሎቹ ነገ የእነሱ ተራ እንዲከበርላቸው ዛሬ የእሱን ያከብሩ ነበር። በርክ ከሠሯቸው ወንጀሎች አብዛኞቹ የኮሚቴው ወንበር፣ የጥብቅና ቢሮውና ይህ ልማድ በተገናኙበት ነጥብ የተፈጸሙ ናቸው።

በ2017 በ14ኛው ወረዳ በፑላስኪ ጎዳና የሚገኝ የበርገር ኪንግ ምግብ ቤት ሊታደስ ነበር። ቦታው በ2014 የ17 ዓመቱ ላኳን ማክዶናልድ በፖሊስ ከተገደለበት ስፍራ አጠገብ ነው። የድርጅቱ ኃላፊዎች በርክን ለፈቃድ ሲያነጋግሩ፣ በርክ የግብር ይግባኝ ሥራቸውን ለቢሯቸው እንዲሰጡ ጠየቁ። ሥራው ሳይመጣ ሲቀር በመኪና መግቢያ ፈቃድ ሰበብ እድሳቱ ቆመ። በሰሜን ምዕራብ ቺካጎ ደግሞ ለአንድ የመጠጥ መደብር የቆየ የምሰሶ ማስታወቂያ ፈቃድ የተከለከለ አልሚ፣ የበርክን እርዳታ ለማግኘት የግብር ሥራ አቀረበ። በፊልድ ሙዚየም የሆነው ግን በገንዘብ አይተመንም። ሙዚየሙ የበርክ የክርስትና ልጅ ላቀረበችው የሥራ ልምምድ ጥያቄ ምላሽ ሳይሰጥ ቀረ፤ በርክ ተቆጥተው ሙዚየሙ የመግቢያ ዋጋ ለመጨመር ያቀረበውን ዕቅድ ማስቆም እንደሚችሉ በስልክ ጠቆሙ። የአንድ ታላቅ የሳይንስ ተቋም ኃላፊዎች በድንጋጤ ይቅርታ ለመጠየቅ ተሯሯጡ። በእኔ ግምት በርክ ሥልጣናቸውን እንደ ግል ንብረት ያዩት እንደነበር ከሁሉ የበለጠ የሚመሰክረው ይህ ነው፤ ለቢሯቸው ምንም ትርፍ አልነበረበትምና።

ትልቁ ጉዳይ የአሮጌው ዋና ፖስታ ቤት ነበር፤ አውራ ጎዳና ላይ እንደ ድልድይ የተዘረጋና ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባዶ ቆሞ የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በ2016 የገዛው የኒውዮርክ አልሚ ከከተማዋ ብዙ ትብብር ያስፈልገው ነበር። በርክም የግብር ሥራውን ፈለጉ። ግንኙነቱን ያመቻቹ የነበሩት የ25ኛው ወረዳ አባልና የመሬት አጠቃቀም ኮሚቴ ሰብሳቢ ዳኒ ሶሊስ ናቸው። በርክ በ2017 «ቱናውን ያዝነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የገንዘብ ሳጥኑ ገና እንዳልጮኸ ሲናገሩ በቅጂ ተሰምተዋል። ሶሊስ በ2016 ኤፍቢአይ የራሳቸውን ጥፋት በማስረጃ ካስረዳቸው በኋላ ድምፅ መቅጃ ታጥቀው ይሠሩ ነበር።

ኖቬምበር 29 ቀን 2018 የፌዴራል መርማሪዎች በከተማው አዳራሽና በወረዳው ያሉትን የበርክ ቢሮዎች መስታወት በቡናማ ወረቀት ሸፍነው ፍተሻ ጀመሩ። በጃንዋሪ ክሱ ሲገለጽ ከቢሮዎቻቸው 23 የጦር መሣሪያዎች መገኘታቸውም ተሰማ። በርክ ሰብሳቢነቱን ለቀቁ። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2019፣ ክሱ ላያቸው ላይ እያለ፣ ወረዳቸው በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ መልሶ መረጣቸው። ይህን በመራጩ አለማወቅ ማመካኘት ስህተት ነው። ወረዳው ለውጥ ፈልጎ እንደነበር በ2018 ታይቷል፤ ወንድማቸው ዳን በርክ የክልሉን ምክር ቤት ወንበር በ26 ዓመቱ አሮን ኦርቲዝ ተነጥቀው ነበር። ኤድዋርድን የመረጡት ግን የሃምሳ ዓመት ውለታ ያለባቸውና ውለታ በማይውል ሹም ምን እንደሚያተርፉ ያልታያቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው ሰሞን የከንቲባ ምርጫ በርክን የራቀችው ሎሪ ላይትፉት 50ውንም ወረዳዎች አሸነፈች።

እኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ተረቱ የሚያስበው ሹመት አጭር መሆኑን፣ ሹሙም የመሻርን ቀን ፈርቶ እንደሚቸኩል ነው። በርክ ለ54 ዓመታት አልተሻሩም፤ ለብዙ ምርጫዎች ተፎካካሪ እንኳን አልቀረበባቸውም። ስለዚህ አልቸኮሉም። ችግሩ የተወለደው ከመሻር ፍርሃት ሳይሆን የመሻር ስጋት ፈጽሞ ከመጥፋቱ ነው።

ጉዳዩ በኖቬምበር 2023 ለችሎት ቀረበ፤ በርክ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ሳይወዳደሩ ወንበራቸውን ለቅቀዋል። ዲሴምበር 21 ቀን የጁሪ አባላቱ ከ14 ክሶች በ13ቱ ጥፋተኛ አሏቸው፤ ሥልጣንን ለተደራጀ ወንጀል ማዋል፣ ጉቦና አስፈራርቶ ለመቀበል መሞከር ይገኙበታል። መከላከያው በርክ ከአንዳንዶቹ ምንም እንዳላገኙ አበክሮ ተከራክሯል። ነገሩ እውነት ነው፤ ከበርገር ኪንግ የመጣ ሥራ አልነበረም። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ጥቅሙ እጅ መግባቱን ሳይሆን ሥልጣኑ ለሽያጭ መቅረቡን ነው። በጁን 2024 ቅጣቱ ከተወሰነ ከሁለት ቀን በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የኢንዲያና ከንቲባ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቶ፣ ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚሰጥ ሽልማትን ከፌዴራሉ የጉቦ ሕግ ውጭ አደረገ። በርክ አስቀድመው የሚጠይቁ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ዐቃቤ ሕግ በእጅጉ ይቸገር ነበር።

በርክ በሴፕቴምበር 2024 ኢሊኖይ ውስጥ ቶምሰን በሚገኘው የፌዴራል እስር ቤት ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላቸው በጁላይ 2025 ወጡ። የጎረቤት ወረዳው የፓርቲ መሪና ለ36 ዓመታት የኢሊኖይ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ማይክል ማዲጋንም እንደ በርክ የንብረት ግብር ጠበቃ ነበሩ፤ ማዲጋንንም ሶሊስ ቀድተዋቸዋል። በ2025 የ7 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደባቸው።

ቺካጎ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ30 በላይ የምክር ቤት አባላቷ በወንጀል ሲፈረድባቸው አይታለች፤ የበርክ ጉዳይ ግን ደንብ አስለውጧል። የጉዳት ካሳው ፕሮግራም ከኮሚቴው ወጥቶ ለከተማው ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። በ2019 ምክር ቤቱ ከከተማዋ ጥቅም ጋር በሚጋጭ የውጭ ሥራ ላይ ገደብ ጣለ። ላይትፉት ሥልጣን በያዘችበት ቀን መሥሪያ ቤቶች በየፈቃዱ የወረዳውን አባል ይሁንታ እንዳይጠብቁ አዘዘች። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ግን በምክር ቤቱ ድምፅ የሚወሰን በመሆኑ ትእዛዙ አልደረሰበትም። እዚያ ላይ ልማዱ አለ። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በ2023 ይኸው የአባላት የመከልከል ሥልጣን አቅምን ያገናዘቡ ቤቶች በነጮች ሰፈሮች እንዳይሠሩ በማገድ የዘር መለያየትን እንዳጸና ገልጾ ለከተማዋ ጽፏል።