የስድስት ሚሊ ሜትር ታሪክ

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ጓደኛችን ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለበት፤ የኢንሱሊን ፓምፕ ታጥቆ ነው የሚውለው። ባለፈው ሐምሌ እንደ ልማዱ ፓምፑን ነቅሎ ተጫወተ፣ ሲጨርስ መልሶ ሰካው፣ ቤቱ ገባ። ማታ ማስመለስ ጀመረው። ለካስ አንድ ተከላካይ ማሊያውን ሲጎትተው፣ ከፕላስተሩ ሥር ያለችው ስድስት ሚሊ ሜትር ቱቦ ከቆዳው ወጥታ ኖሯል። ፓምፑ «እየሠራሁ ነው» ይላል፤ ኢንሱሊኑ ፕላስተሩን ያጠጣል። ሌሊቱን ሆስፒታል አደረ።

ሲሻለው የጠየቀን ጥያቄ አጭር ነበር፦ «እንደኔ ለሚሮጥ ሰው የትኛው ኢንፊውዥን ሴት ይሻላል?» («ሴት» ስንል የእንግሊዝኛውን ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ። ከፓምፑ እስከ ቆዳ ያለው ቱቦ፣ ፕላስተሩና ጫፉ ባንድ ላይ ሲጠሩ ነው።) እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የምንችለው ማገላበጥ ነውና ታሪኩን ማገላበጥ ያዝን።

ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ተገኘ፤ በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ተወጋ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ እንለፈው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዶክተር አርኖልድ ካዲሽ የሠራው መሣሪያ የጀርባ ቦርሳ ያክል ነበር፤ የሚገባውም በደም ሥር ነው። ያንን አዝሎ ኳስ የሚጫወት አይኖርም። በ1970ዎቹ ዲን ካመን (ኋላ ሴግዌይ የምትባለውን ባለሁለት ጎማ የፈጠረው ሰውዬ) ሰውነት ላይ የሚታሰር ፓምፕ ሠራ። ተጠቃሚዎቹ «ሰማያዊው ጡብ» ይሉት ነበር፤ ስሙ መጠኑን ይናገራል።

ለእኛ ግን ትልቁ ነገር በ1978 ለንደን ውስጥ የሆነው ነው። በጋይስ ሆስፒታል ጆን ፒካፕ፣ ሃሪ ኪንና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊንን በደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ ሥር፣ ስብ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረጉ መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። ሰው ቤቱ ሄዶ ራሱ የሚሰካው ነገር የሆነው ያኔ ነው። ጫፉ ግን ያው የብረት መርፌ፣ በፕላስተር የተለጠፈ። ማሽኑን ለማሳነስ ስንት ሰው ሲጨነቅ፣ ሆዱ ላይ ብረት ሰክቶ የሚተኛውን ሰው ብዙም ያሰበው አልነበረም።

እሱን ያሳሰበው የተጠቃሚው መብዛት ይመስለናል። ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ከጉዳት እንደሚጠብቅ አረጋገጠ። አጥብቀው ከሚቆጣጠሩት ከፊሉ በፓምፕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓምፕ የሚታጠቀው ወጣቱ፣ ዋናተኛው፣ በሆዱ የሚተኛው ሆነ። ብረቱ በለስላሳ ቴፍሎን ተተካ፦ መርፌዋ መንገድ ትከፍትና ትወጣለች፣ ቱቦዋ ትቀራለች። ቱቦውን ከቆዳው አጠገብ ነቅሎ ገላን መታጠብም ተቻለ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለሃያ ዓመት ልጅ ግን ነፃነት ናት።

ዛሬ ምርጫው ሰፍቷል። ቀጥ ብላ የምትገባው ቴፍሎን 6 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ናት፤ ለመሰካት ቀላሏ እሷ ነች። ችግሩ ቀጭንና ጡንቻማ ሰው ላይ ነው፦ ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለ ጫፏ ጡንቻ ትነካለች፣ ትታጠፋለች። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰያፍ የምትገባው፣ 13 ወይም 17 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትመረጣለች። ስትታይ ታስፈራለች፤ መግቢያዋ ግን በፕላስቲኩ መስኮት ይታያል፣ ከተንሸራተተች ታውቃላችሁ። ቴፍሎን ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች። ያረጀው ብረትም ተመልሶ መጥቷል፣ እንደማይታጠፍ ነዋ! ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፤ በእርግጫ መሀል ብረት ሆድ ውስጥ መያዙን እኛ አንመክርም። ቱቦ ከነአካቴው የሌለው ኦምኒፖድ በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ ሰባት ቀን የምትቆይ ሴት ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣች።

ይህ ሁሉ ጭንቀት የምቾት ብቻ አይደለም። በመርፌ የሚወጋ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን አለው። ፓምፕ ውስጥ ያለው ግን ፈጣኑ ብቻ ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደም ወደ አሲድነት ማምራት ይጀምራል። ጓደኛችንን ሆስፒታል ያስተኛው ይኸው ነው።

ሌላው ጉዳይ እፍረት ነው። በ2014 ሲየራ ሳንዲሰን የምትባል ወጣት የሚስ አይዳሆ ውድድር ላይ በዋና ልብስ ስትወጣ ፓምፗን ወገቧ ላይ ሰክታ፣ ቱቦው እየታየ ነበር። አሸነፈችም። በሳምንቱ ፓምፓቸውን ያሳዩ ሰዎች ፎቶ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። የኛ ልጅ ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ ግማሽ ቡድኑ ፓምፕ እንዳለው አያውቅም ነበር፤ ሲደክመው «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ይል ነበር።

ከነርሷ ጋር ተማክሮ ሰያፏን መረጠ። ቦታዋንም ከሆድ ወደ ዳሌው ላይኛ ክፍል አዞረ፣ ቀበቶ የማይነካበት። በዙሪያዋ የስፖርት ፕላስተር ይለጥፋል፤ ከጨዋታ በኋላ መስኮቷን አይቶ፣ ስኳሩን ለክቶ ነው የሚሰካው። ተከላካዩ አሁን ማሊያ መጎተቱን ትቷል፣ እግር ይመታል እንጂ።