ሽጉጥና የራሱ ግፊት

በፊዚክስ ትምህርታችን የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ስንማር፥ ለማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ ግፊት እንዳለው ተነገረን። መምህራችንም ምሳሌ እንድንፈልግ ባዘዙን ጊዜ ጓደኞቻችን ጀልባና መቅዘፊያን ሲመርጡ እኛ ሽጉጥን መረጥን። ወላጆቻችን «ተማሪንና የጦር መሣሪያን ምን አገናኛቸው?» ብለው እንዳይቈጡን እንለምናለን፤ የምንጽፈው ስለ አንድ አስቸጋሪ ግፊትና እርሱን ለመግራት ስለ ደከሙ ሰዎች ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በነገሠበት ዘመን የጥይቱ የኋልዮሽ ግፊት የተኳሹን ክንድ ከማድከም በቀር ጥቅም አልነበረውም። አሜሪካ የተወለደው ሂራም ማክሲም በ1884 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የሠራው መትረየስ ግን በዚሁ ግፊት ራሱን እያጐረሰ ይተኩስ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ሁጎ ቦርቻርት ይህንኑ ሐሳብ በጀርመን አገር ወደ ሽጉጥ አወረደው፤ ስምንት ጥይት የሚይዘውንም ካዝና እጀታው ውስጥ አኖረው። ሽጉጡ ለእጅ የማይመች ግዙፍ ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙ ለአገራችን ሰው እንግዳ ያልሆነው ማውዘር ተከተለ።

ነገሩን ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ጆን ብራውኒንግ ነው። ይህ ሰው በ1855 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በዩታ ግዛት፥ ኦግደን በምትባል ከተማ ከጠመንጃ ሠሪ አባት ተወለደ። በእርሱ ሽጉጥ ውስጥ አረሩ የሚሄድበት ቱቦና ከላይ የሚንሸራተተው ብረት ተቈላልፈው ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቱቦው ዝቅ ብሎ ይላቀቃል፤ ብረቱ ብቻውን መንገዱን ቀጥሎ ቀለሁን አውጥቶ ይጥላል፤ ሞላውም ሲመልሰው አዲስ ጥይት ያጐርሳል። በ1911 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ሺህ ጥይት አስተኰሰበት። ሲግል በውሃ እየነከሩ ቀጠሉ፤ አንድ ጊዜም አልተሰናከለም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ የሠራዊቱ ዋና ሽጉጥ ሆኖ ኖረ። ዛሬም አብዛኛዎቹ ሽጉጦች የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው።

ነገር ግን ግፊቱ ሥራ ቢያገኝም አልጠፋም። ስምንት ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 350 ሜትር ሲወረወር፥ 900 ግራም የሚመዝነው ሽጉጥ በሴኮንድ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን በደብተራችን አስልተነዋል። ቱቦው ከእጅ በላይ ስለ ሆነም አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል።

ለዚህ መድኀኒት የተገኘው ከራሱ ከባሩዱ ጋዝ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጦር መኰንን የነበረው ሪቻርድ ከትስ በ1920ዎቹ ዓመታት ለቶምፕሰን መትረየስ ኮምፔንሴተር የሚባል መሣሪያ ሠራ፤ ይኸውም በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገባ፥ ወደ ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ጋዙ በስንጥቁ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። በ1976 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የተግባር ተኩስ ማኅበር በአሜሪካ፥ በሚዙሪ ግዛት ተቋቋመ፤ በ1980ዎቹም ተወዳዳሪዎች ይህን መሣሪያ ከሽጉጣቸው ጋር አዋሐዱት። አሁን ከውድድር ሜዳ ወጥቶ በተራ ሽጉጥ ላይ ይታያል። ሙሉ መጠን ያለው የዛሬ ሽጉጥ ብዙ ጊዜ 17 ጥይት ይጐርሳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ አጠቃላይ ርዝመቱ እንዳይጨምር የሚንሸራተተውን ብረት አሳጥረው ኮምፔንሴተሩን በተረፈው ቦታ ያስገቡታል።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፥ የፖሊስ ሁለተኛ ጥይት ዒላማውን ስቶ መንገደኛ እንዳይመታ አፈሙዙ መርጋቱ መልካም ነው አለ። ሌላው ግን፥ እጅ ባልተናወጠ ቍጥር ሁለተኛው ጥይት ቶሎ ይመጣል፤ ለማሰብ የነበረችው ቅጽበትም ታጥራለች ሲል መለሰ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ብንከራከርም አልተስማማንም።

ደግሞም መሣሪያው ያለ ዋጋ አይሠራም። ጥይቱ ደካማ ከሆነ ጋዙ ያንሳል፤ ጥቅሙም ያንሳል፤ አንዳንዴም ሽጉጡ ቀለሁን መጣል ያቅተዋል። ጥላሸት ስለሚያጠራቅም አዘውትሮ መጥረግ ያስፈልጋል። ድምፁም ወደ ጐንና ወደ ላይ ስለሚበተን፥ በተኩስ መለማመጃ ቤት ውስጥ ከተኳሹ ይልቅ አጠገቡ የቆመው ሰው ይደነግጣል።