በመምህራንና በተማሪዎች ስብጥር መካከል ያለው ልዩነት፤ ከአዳማ የሚገኝ ትምህርት

የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት ሲወሳ አዘውትሮ የሚቆጠረው የተማሪው ብዛት ነው። አስተማሪውና ተማሪው ከየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደመጡ የሚያነጻጽር ግን ጥቂት ነው።

ልዩነቱ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፥ ከመምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ካደገ በኋላ የማስተማሩ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን የተላለፈው በአጋጣሚ አልነበረም፤ ምሩቃንን በረዳትነት እያስቀሩ ለተጨማሪ ትምህርት በመላክ ነበር።

በአዳማ ጥያቄው መልኩን ለውጦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው ተቋም፥ ቆይቶም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ፥ በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ቴክኒክ ለረጅም ዘመን የወንድ ሙያ ተደርጎ የተቆጠረ በመሆኑ፥ እዚህ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጾታ ልዩነት ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ በ2007 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አንዷ ሴት ስትሆን፥ ሴት መምህራን ግን ከሰባት አንድ አይሞሉም ነበር። «የዛሬው መምህር የትናንት ተማሪ ነው፤ ጊዜ ያስተካክለዋል» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎም ሴቶች ከተማሪዎቹ ከአምስት አንድ አያንሱም ነበር። ስለዚህ መዘግየት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሴቶች ድርሻ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ መውረዱ፥ መንገዱ የሚጠበው ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ መሆኑን ያመለክታል።

የተማሪውን ስብጥር የምደባ መመሪያና ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ በአንድ ዓመት ሊለውጡት ይችላሉ። የመምህራኑ ግን በቅጥር፥ በትምህርት ዕድልና በማዕረግ ዕድገት የሚሠራ በመሆኑ ዓመታት ይፈጃል። ከሞጆ፥ ከመቂ ወይም ከሻሸመኔ ተነሥታ ምሕንድስና ለመማር የምትመጣ ልጃገረድ፥ በሠርቶ ማሳያው ክፍል እንደ እርስዋ ያለች መምህርት ካላየች፥ በሩ ተከፍቶላት ሳለ ወንበሩ የእርስዋ እንዳልሆነ ልትገምት ትችላለች።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው የተማሪውን ቅበላ በሚወስንበት ዕለት የነገውን መምህር ቅጥርም አብሮ ሊያስብ፥ ሁለቱንም በአንድ ሰንጠረዥ ሊያሰፍር ይገባዋል። የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ድርሻም ቀላል አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪውን «ዩኒቨርሲቲ ግቢ» ብሎ ሲመክራት «ተመልሰሽም አስተምሪበት» ማለትን አይርሳ።