የትም የምትጫወተዋ ክሪስታል ደን

ጁላይ 7 ቀን 2019 ፈረንሳይ ሊዮን ላይ አሜሪካ ኔዘርላንድስን 2 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫውን ስታነሳ፣ 19 ቁጥር ለባሿ ክሪስታል ደን የግራ መስመር ተከላካይ ነበረች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ክለቧ ኖርዝ ካሮላይና ከሬጅ በአሜሪካ ሊግ ፍጻሜ ቺካጎን 4 ለ 0 ሲረታ ግን ያቺው ክሪስታል ደን ከአጥቂዎቹ ኋላ ሆና ተጫወተች፤ ከአራቱ ግቦችም አንዱ የእሷ ነው። አራት ወር እንኳን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ዋንጫ፣ ሁለት የተለያየ ሥራ።

እንዲህ ዓይነቱን ተጫዋች እኛ “ሁለገብ” እንላለን። ቃሉ ሙገሳ ነው። እኔ ግን የደንን ታሪክ በተከታተልኩ ቁጥር ሙገሳው ዕዳም እንዳለው እየታየኝ መጣ። ምክንያቱም የትም መጫወት የሚችል ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ራሱ በሚፈልገው ቦታ ሳይሆን ሌላው ባልፈለገው ቦታ ነው።

ይህን ለማወቅ እኮ የግድ የዓለም ዋንጫ ማየት አያስፈልግም። የሰፈር ኳስ በቂ ነው። ቡድን ሲከፈል ሁሉም አጥቂ መሆን ነው የሚፈልገው። ኳሱ የራሱ የሆነ ልጅ ባይችልም ፊት ይሰለፋል፤ ትንሹ ልጅ በረኛ ይሆናል። ሁሉን የሚችለውና እምቢ የማይለው ልጅ ደግሞ “አንተ የትም ትችላለህ” ተብሎ ወደ ኋላ ይላካል። እኛ ሰፈርም እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበረን፤ ስንት ግብ እንዳዳነ የሚያስታውስ አንድም ሰው የለም።

ክሪስታል ደን በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደች፤ ያደገችውም እዚያው ሎንግ አይላንድ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ለሴቶች እግር ኳስ በሩ ተከፍቶ ነበር። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ እንዳያዳሉ ስለከለከለ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶችም የስፖርት ቡድንና ነጻ የትምህርት ዕድል ማዘጋጀት ጀምረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ዝናው የገነነው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ አንሰን ዶራንስ በ1991 በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ አሜሪካን ለዋንጫ ያበቃ ሰው ነው፤ ሚያ ሃምም ከዚያው ሜዳ ነው የወጣችው። ደን እዚያ ከተከላካይ እስከ አጥቂ ተጫወተች። በ2012 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን፣ የዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና እና የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለመውን የኸርማን ዋንጫ ወሰደች።

በ2014 ዋሽንግተን ስፒሪት በድራፍቱ አንደኛ አድርጎ መረጣት። ከዚያ 2015 መጣ። አሰልጣኝ ጂል ኤሊስ ወደ ካናዳው ዓለም ዋንጫ የሚሄዱትን 23 ተጫዋቾች ስታሳውቅ የደን ስም የለም። ጓደኞቿ ቫንኩቨር ላይ ጃፓንን 5 ለ 2 ሲያሸንፉ እሷ ክለቧ ውስጥ ነበረች። እዚያም ቁጭ ብላ አላዘነችም፤ 15 ግብ አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፣ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም ተብላ ተመረጠች። በዚያን ጊዜ ይህን ክብር ካገኙት ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። በፌብሩዋሪ 2016 ለኦሊምፒክ ማጣሪያ ፖርቶ ሪኮ ላይ ብቻዋን 5 ግብ አገባች። በ2017 ወደ እንግሊዝ ተሻግራ ከቼልሲ ጋር ዋንጫ አነሳች፤ በ2018 ወደ አገሯ ተመልሳ ከሬጅን ተቀላቀለች።

እንግዲህ ይህቺ ግብ አግቢ እንዴት ተከላካይ ሆነች? መልሱ የአሜሪካ ቡድን አሰላለፍ ውስጥ አለ። ፊት መስመር ላይ አሌክስ ሞርጋን፣ ሜጋን ራፒኖ፣ ቶቢን ሂዝ፣ ክሪስተን ፕሬስ፣ ካርሊ ሎይድ አሉ። ለሦስት ቦታ አምስት ኮከብ! የግራ ተከላካይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። በዛሬው እግር ኳስ የመስመር ተከላካይ እንደ ክንፍ ተጫዋች ማጥቃት፣ ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ ሮጦ መመለስ አለበት። በዚያ ላይ በግራ በኩል ከደን ፊት የምትጫወተው ራፒኖ 34 ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ጉልበቷን ለማጥቃት የምትቆጥብ ተጫዋች ነበረች። ከኋላዋ የሚቀረውን ሰፊ ሜዳ የሚሸፍን ፈጣን፣ ኳስ የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር። ኤሊስ ዞር ብላ ስታይ ደን አለች።

ዋጋዋ ፍንትው ብሎ የታየው ጁን 28 ቀን 2019 ፓሪስ ላይ ነው። ሩብ ፍጻሜ፣ አሜሪካ ከአስተናጋጇ ፈረንሳይ። የፈረንሳይ ትልቁ ስጋት በቀኝ መስመር የምትበረው ካዲዲያቱ ዲያኒ ነበረች፤ የምትጫወተው ለፒኤስጂ ስለነበር ከተማው የራሷ ነው። ደን ያን ምሽት ከእሷ ጋር ስትታገል አመሸች። ውጤቱ 2 ለ 1 ሲሆን ሁለቱንም የአሜሪካ ግቦች ያገባችው ራፒኖ ናት። በማግስቱ ጋዜጦች ላይ የወጣው እጆቿን ዘርግታ የቆመችው የራፒኖ ፎቶ ነው። ይገባታል፤ ቅሬታ የለኝም። ግን ያ ፎቶ እንዲነሳ ሌላ ሰው ከኋላ በሩን ዘግቶ መቆም ነበረበት።

“ካልፈለገች ለምን እምቢ አላለችም?” የሚል አይጠፋም። ደን ራሷን እንደ አጥቂ አማካይ እንደምታይና ቦታ መቀያየሩ እንደሚከብዳት በቃለ መጠይቆች በግልጽ ተናግራለች። እምቢታ ግን በሴቶች እግር ኳስ ውስጥ ዋጋው ሌላ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከእሷ በፊት ሁለት የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊጎች ተቋቁመው ፈርሰዋል፤ አንደኛው በ2001 ተጀምሮ በ2003 ቆመ፣ ሁለተኛው በ2009 ተጀምሮ ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ቆየ። ሦስተኛው፣ ማለትም በ2013 የተጀመረው የአሁኑ ሊግ እንዳይወድቅ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን የክለብ ደመወዝ ሳይቀር ለዓመታት ይከፍል የነበረው ፌዴሬሽኑ ነው። ስለዚህ ከብሔራዊ ቡድን መቅረት ማለት ክብር ማጣት ብቻ ሳይሆን እንጀራ ማጣትም ጭምር ነበር። በ2015 ከዝርዝሩ አንድ ጊዜ የተሰረዘች ልጅ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከወንዶቹ ጋር ስታስተያዩት ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ጄምስ ሚልነር በ2016/17 ሊቨርፑል ውስጥ ግራ ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል፤ ደመወዙ ግን በክለቡ ውል የታሰረ ነበር። ዴቪድ አላባ በባየርን ሙኒክ ተከላካይ፣ በኦስትሪያ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ አማካይ ነበር። የደን ተገላቢጦሽ ማለት ነው፤ አገሩ በሚወደው ቦታ አሰለፈችው። ሁለገብነቱ አንድ ነው፤ ከጀርባው ያለው አቅም ግን አንድ አይደለም።

ይህ አቅም ቀስ በቀስ ተለውጧል፤ ደንም ከለወጡት አንዷ ናት። በማርች 2019 በክፍያ ልዩነት ምክንያት ፌዴሬሽኑን ከከሰሱት 28 ተጫዋቾች መካከል ነበረች። ጉዳዩ በ2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። አምስት ወር ቆይቶ፣ በኦክቶበር፣ ለፖርትላንድ ቶርንስ በግማሽ ፍጻሜ ተቀይራ ገባችና ሳንዲያጎ ላይ በባከነ ሰዓት ጭማሪ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረች። 2 ለ 1። ቶርንስ በሳምንቱ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቀን ማንም ተከላካይ አላላትም።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አያልቅም፤ ብሔራዊ ቡድኑ ጋ ያው ነበር። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ አዲሷ አሰልጣኝ ኤማ ሄይስ ባወጣችው የስም ዝርዝር ላይ ደን የተመዘገበችው ከአጥቂዎች ጋር ነው። ኦገስት 10 ቀን አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ስትወስድ ታዲያ የት ነበረች? ግራ ተከላካይ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ለፒኤስጂ ፈረመች፤ ያኔ የዲያኒ ክለብ ለነበረው።

የእግር ኳስ ታሪክ የሚጻፈው በአብዛኛው በግብ ቁጥር ነው። በዚህ መዝገብ ደንን ከፈለጋችኋት ግማሿን ብቻ ነው የምታገኙት። የ2015ቱ 15 ግብ ይታያል፤ ቦታዋን ባትለውጥ ኖሮ ታስቆጥራቸው የነበሩት ግቦች ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የሉም፣ የከለከለቻቸውም እንዲሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ኮሜንታተሩ አንዷን ተጫዋች “ሁለገብ ናት” ብሎ ሲያሞግስ፣ አንድ ጥያቄ ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል፦ እሷስ የት መጫወት ነበር የምትፈልገው?